ስለ «ላይክሊ»፦ እርግጠኛ ያልሆነን ነገር በልክ መናገር

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጦች መከሰታቸው ይታወሳል። መስከረም 26 ቀን መጠኑ 4.9 የሆነ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ መጠኑ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዝግቧል። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመኖሪያቸው እንዲነሡ ተደርጓል። ንዝረቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ተሰምቷል። በዚያን ጊዜ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለሱ የሚማሩ ተማሪዎቻችን ለፊዚክስ መምህራን ደጋግመው ያቀርቡት የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ከዚህ የባሰ ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ «አዎን» ወይም «የለም» ብሎ አይመልስም። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀኑን፣ ቦታውንና መጠኑን ለይቶ አስቀድሞ መናገር እስከ ዛሬ አልተቻለም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚወጡ ሳይንሳዊ መግለጫዎች አንድ ቅጽል ያዘወትራሉ፤ እርሱም «ላይክሊ» ነው፤ አሉታዊው ደግሞ «አንላይክሊ» ይባላል። አንዱ አንባቢ ይህንን ቃል «ሊሆን ይችላል» ብሎ ሲረዳው ሌላው «መሆኑ አይቀርም» ብሎ ይረዳዋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰላም ተኝቶ በማደርና ልጆችን ይዞ ከቤት በመውጣት መካከል ያለውን ያህል ነው። በዚህ ጽሑፍ የቃሉን ትርጉም፣ ከዘመዶቹ የሚለይበትን፣ በቁጥር የሚለካበትን መንገድና በአጠቃቀሙ የሚፈጸሙትን ስሕተቶች እንመለከታለን።

1. ቃሉ ምን ማለት ነው?

«ላይክሊ» አንድ ነገር ከሚቀርበት ይልቅ የሚሆንበት ዕድል የሚበልጥ መሆኑን የሚገልጽ ቅጽል ነው። ይህንን በግልጽ ለማየት እርግጠኛነትን እንደ አንድ ማስመሪያ እናስበው። በአንደኛው ጫፍ «ኢምፖሲብል»፣ ማለትም ከቶ ሊሆን የማይችል ነገር አለ፤ ዕድሉ 0 ነው። በሌላው ጫፍ «ሰርተን»፣ ማለትም እርግጥ የሆነ ነገር አለ፤ ዕድሉ 1 ወይም 100 በመቶ ነው። «ላይክሊ» ከመካከለኛው ነጥብ ወደ እርግጠኛነት ባጋደለው ክፍል፣ «አንላይክሊ» ደግሞ በተቃራኒው ይገኛል።

«ፖሲብል» ግን በማስመሪያው ላይ የተወሰነ ቦታ የለውም። ከ0 የሚበልጥ ማናቸውም ነገር «ፖሲብል» ነው። ነገ በሱሉልታ ሜዳ ላይ በረዶ ቢጥል «ፖሲብል» ነው፤ ዕድሉ ግን ስንት እንደሆነ ቃሉ አይነግረንም። «ፖሲብል» በሩ አለመዘጋቱን ብቻ ሲያመለክት «ላይክሊ» በየትኛው በር መግባት እንደሚቀል ይጠቁማል። ሁለቱንም በአማርኛ «ሊሆን ይችላል» ብሎ መተርጎም ይህን ልዩነት ያጠፋዋል።

አማርኛችን ለዚህ የሚሆን ቃል አጥቶ አይደለም። «ዘንቦ ይሆናል»፣ «ሳይዘንብ አይቀርም»፣ «የሚዘንብ አይመስልም»፣ «መዝነቡ አይቀርም» የሚሉትን አራት አነጋገሮች እናነጻጽር። የመጀመሪያው ግምት ነው፤ ጥንካሬው አይታወቅም። ሁለተኛው ወደ «ላይክሊ» በጣም የቀረበ ነው። ሦስተኛው «አንላይክሊ»ን ይተካል። አራተኛው ግን እርግጠኛነትን ይገልጻል። «ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ውስጥ ያለችው «ሳይሆን» የምትባለው ቃል ከተዘነጋች «አይቀርም» የሚለው ብቻ ይቀራል፤ ግምቱም ወደ ፍርድ ይለወጣል። አንድ መረጃ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ የምትጠፋውም ይህችው ቃል ናት።

2. በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ይገባል?

የቃሉ መጨረሻ «ሊ» ስለሆነ ብዙ ተማሪዎች እንደ «ኩዊክሊ» እና «ስሎውሊ» ተውሳከ ግስ ብቻ ይመስላቸዋል። በመሠረቱ ግን ቅጽል ሆኖ ያገለግላል፤ በሦስት ዋና ዋና መንገዶችም ይገባል።

ሀ) ከስም በፊት፦ «ኤ ላይክሊ ኮዝ»፤ ምክንያቱ ሳይሆን የማይቀር ነገር ማለት ነው።

ለ) ባለቤቱን አስቀድሞ፣ ከ«ቱ» ጋር፦ «ዘ ሬይን ኢዝ ላይክሊ ቱ ስቶፕ»፤ ዝናቡ ሳያቆም አይቀርም።

ሐ) በ«ኢት» ጀምሮ፣ ከ«ዛት» ጋር፦ «ኢት ኢዝ ላይክሊ ዛት ዘ ሬይን ዊል ስቶፕ»፤ ትርጉሙ ከላይኛው ጋር አንድ ነው።

በፈተና ወረቀቶች ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት የሚመነጨው ከሁለተኛው አገባብ ነው። «ዘ ሬይን ኢዝ ላይክሊ ቱ ስቶፕ» ትክክል ስለሆነ ተማሪው በ«ላይክሊ» ቦታ «ፖሲብል» ወይም «ፕሮባብል» የሚለውን ያስገባል። ይህ በእንግሊዝኛ አያስኬድም። «ፕሮባብል» ከ«ላይክሊ» ጋር በትርጉም እጅግ የተቀራረበ ቢሆንም የሚሄደው በ«ኢት» ተጀምሮ ከ«ዛት» ጋር ነው። እንዲሁም ቃሉ ደረጃ ይቀበላል፤ «ቬሪ ላይክሊ» እጅግ ሰፊ ዕድልን፣ «ሞር ላይክሊ» ከሌላው የሚበልጥ ዕድልን፣ «ሞስት ላይክሊ» ከሁሉም የሚበልጥ ዕድልን ያመለክታሉ።

በዚህ የመጨረሻው ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። የወቅት የአየር ትንበያ የክረምቱን ዝናብ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» ብሎ በሦስት ይከፍላል። ለምሳሌ ያህል ዕድሉ በቅደም ተከተል 45፣ 35 እና 20 በመቶ ተብሎ ተሰጠ እንበል። «ሞስት ላይክሊ» የሆነው ከመደበኛ በላይ የሚለው ነው። ነገር ግን የማይሆንበት ዕድል 55 በመቶ ስለሆነ ብቻውን ሲታይ «ላይክሊ» ሊባል አይችልም። በሱሉልታ ሜዳ ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ የሚያርስ ገበሬ «ዘንድሮ ዝናቡ ይበዛል ተብሏል» የሚል ወሬ ብቻ ቢደርሰው ከመቶ 20 ያህል ለሆነው የዝናብ እጥረት ሳይዘጋጅ ይቀራል። ከሁሉም የበለጠ ዕድል ያለው ማለት ሳይሆን የማይቀር ማለት አይደለም።

3. ቃልን በቁጥር መተካት

አንድ ቃል ለተለያዩ ሰዎች የተለያየ መጠን ይዞ መገኘቱ ከባድ ችግር መሆኑን ቀደም ብለው ካስተዋሉት አንዱ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ተንታኝ የነበሩት ሸርማን ኬንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 የተዘጋጀ አንድ ሰነድ በዩጎዝላቪያ ላይ ጥቃት የመሰንዘሩን ነገር እንደ ከባድ ሊሆን የሚችል ጉዳይ ገልጾ ነበር። በኋላ ሰነዱን ያዘጋጁት ባለሙያዎች በዚያ አገላለጽ ምን ያህል ዕድል እንዳሰቡ አንድ በአንድ ሲጠየቁ መልሳቸው ከ20 እስከ 80 በመቶ ተዘርግቶ ተገኘ። በአንድ ዓረፍተ ነገር የተስማሙት ሰዎች በሐሳብ አልተስማሙም ነበር። ኬንት ይህንን በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ላይ ገልጸው እያንዳንዱ ቃል በቁጥር እንዲወሰን ሐሳብ አቅርበዋል።

በሳይንሱ ዓለም ይህን ሥራ በስፋት ያከናወነው የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ጉባኤ፣ በአጭሩ አይፒሲሲ ነው። በሪፖርቶቹ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ቃላት የሚከተለው ልክ ተሰጥቷቸዋል።

– «ቨርቹዋሊ ሰርተን» (እርግጥ ነው ለማለት ጥቂት የቀረው)፦ ከ99 እስከ 100 በመቶ
– «ቬሪ ላይክሊ»፦ ከ90 እስከ 100 በመቶ
– «ላይክሊ»፦ ከ66 እስከ 100 በመቶ
– «አባውት አዝ ላይክሊ አዝ ኖት» (የመሆኑና ያለመሆኑ ዕድል ተቀራራቢ የሆነ)፦ ከ33 እስከ 66 በመቶ
– «አንላይክሊ»፦ ከ0 እስከ 33 በመቶ
– «ቬሪ አንላይክሊ»፦ ከ0 እስከ 10 በመቶ
– «ኤክሰፕሽናሊ አንላይክሊ» (ዕድሉ እጅግ የጠበበ)፦ ከ0 እስከ 1 በመቶ

ከዚህ ዝርዝር ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ «ላይክሊ» ከተባሉ ነገሮች መካከል ከሦስት አንዱ ሳይሆን ቢቀር ቃሉ አልዋሸም። «ይዘንባል ብለው ነበር፤ አልዘነበም፤ እንግዲህ አያውቁም» ብሎ በአንድ ቀን መፍረድ ትክክል አይደለም። የትንበያን ጥራት ለመመዘን በርካታ ትንበያዎችን ሰብስቦ 70 በመቶ ከተባሉት መካከል በእርግጥ ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት መፈጸማቸውን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ «አንላይክሊ» ከ0 በላይ ነው። ከሦስት ቀን በአንዱ የሚደርስ ነገር እንኳ በዚህ ክልል ጠርዝ ላይ ሊገኝ ይችላል።

4. «አንላይክሊ» «አይሆንም» ተብሎ ሲሰማ

የጣሊያኗ ላኩዊላ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ለወራት በትንንሽ መንቀጥቀጦች ስትናጥ ቆየች። መጋቢት 31 ቀን ባለሙያዎች ተሰብስበው መከሩ። በስብሰባው ላይ በ1703 በአካባቢው ደርሶ የነበረውን የመሰለ ትልቅ መንቀጥቀጥ በአጭር ጊዜ ውስጥ የመከሰት ዕድሉ አነስተኛ ነው፣ ፈጽሞ አይሆንም ማለት ግን አይቻልም የሚል ሐሳብ ተነገረ። ይህ ከሳይንስ አንጻር ነቀፋ የሌለበት አነጋገር ነው። ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው ግን የሚያረጋጋው ክፍል ብቻ ነበር፤ አንድ ባለሥልጣንም አደጋ የለም የሚል መንፈስ ያለው ቃል ለቴሌቪዥን ሰጥተው ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን ሌሊት፣ መጠኑ 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ከተማዋን መትቶ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። ትንንሽ ንዝረት ሲሰማቸው ሌሊቱን ከቤት ውጪ የማሳለፍ ልማድ የነበራቸው ሰዎች በዚያች ሌሊት በመረጋጋት ቤታቸው እንደቀሩ በችሎት ተነገረ። በ2012 ስድስት ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣኑ የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስድስቱን ሳይንቲስቶች ነጻ ሲያወጣ የባለሥልጣኑን ቅጣት ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አደረገው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አነስተኛ ዕድልና አነስተኛ አደጋ አንድ አለመሆናቸውን ነው። አደጋ የሚመዘነው በሁለት ነገሮች ነው፤ በመሆን ዕድሉና ቢሆን በሚያስከትለው ጉዳት። ዕድሉ ትንሽ ሆኖ ጉዳቱ እጅግ ከባድ ከሆነ «አንላይክሊ» የሚለው ቃል ለመተኛት ፈቃድ አይሆንም።

5. ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ

«ከዚህ የባሰ ይመጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ፊዚክስ ምን ሊል ይችላል? ጉተንበርግና ሪክተር ያስተዋሉት ሕግ አለ። በአንድ አካባቢ የመንቀጥቀጥ መጠን በ1 ሲጨምር የመንቀጥቀጦቹ ብዛት በግምት ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። መጠናቸው 4 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 100 መንቀጥቀጦች ቢኖሩ 5 እና ከዚያ በላይ የሆኑት 10 ያህል፣ 6 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ 1 ያህል ይሆናሉ። በአንጻሩ መጠኑ በ1 ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት በ32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። የየካቲት 7ቱ መንቀጥቀጥ ከመስከረም 26ቱ በመጠን የሚበልጠው በ1.1 ብቻ ሲሆን በጉልበት ግን 45 እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ስለዚህ «ሌላ መንቀጥቀጥ ይኖራል?» ለሚለው መልሱ «ቬሪ ላይክሊ»፣ «ከእስካሁኖቹ ሁሉ የሚበልጥ በዚህ ሳምንት ይመጣል?» ለሚለው ግን «አንላይክሊ፣ ሆኖም ፖሲብል» ሊሆን ይችላል። ሁለቱም መልሶች በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው፤ የሚለያዩት የተጠየቀው ነገር ስለተለያየ ነው።

የአገራችን ታሪክም ይህንን ይደግፋል። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የተነሣ ከባድ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አናውጧል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተከሰተው ደግሞ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን የመሩት ፒየር ጉዋን እነዚህንና ሌሎችን መዝግበው በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከባድ መንቀጥቀጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲታሰብ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ቢሆንም በመቶ ዓመት ውስጥ ሲታሰብ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም።

እዚህ ላይ የጊዜ ጉዳይ ወሳኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከተው ክፍሉ በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ የሚያልፍን የንዝረት መጠን መነሻ ያደረገ ነበር። የ2015ቱ ደንብ ይህንን ወደ 475 ዓመት አሳድጎታል። ሁለቱ ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ በቀላል ስሌት እንመልከት።

በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ንዝረት በአንድ ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ ነው፤ አለመድረሱ 0.99 ነው። አንድ ሕንፃ 50 ዓመት ቢያገለግል በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ጊዜ አለመድረሱ 0.99 በራሱ 50 ጊዜ ተባዝቶ 0.605 ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል 1 ሲቀነስ 0.605፣ ማለትም 40 በመቶ ገደማ ነው። ለ475 ዓመቱ ተመሳሳይ ስሌት ብንሠራ 10 በመቶ እናገኛለን።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች በዝርዝሩ ላይ እናስቀምጣቸው። አንድ ዓይነት ንዝረት በአንድ ዓመት ሲለካ «ኤክሰፕሽናሊ አንላይክሊ» በሚባለው ጠርዝ ላይ ነው። በሕንፃው ዕድሜ ሲለካ ግን የመሆኑና ያለመሆኑ ዕድል ተቀራራቢ ነው ከሚባለው ክልል ይገባል። የምድር ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጠየቅንበት ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ፎቅ ቤት የሚያሠራ ሰው «በዚህ ዓመት አይመጣም» በሚል ስሜት የብረቱን ቁጥር ቢቀንስ የአንድ ዓመት መልስ ለ50 ዓመት ጥያቄ ሰጠ ማለት ነው። በተለይም ልል አፈር ከጠንካራ ዐለት ይልቅ ንዝረትን ሊያጎላ ስለሚችል በጥቁር መረሬ አፈር ላይ የሚሠራ ሰው ይህንን አጥብቆ ሊያስብበት ይገባል።

6. ቃሉን ስናነብ የምንጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር የላቦራቶሪው ባልደረቦች «ላይክሊ» የሚል ቃል በረቂቅ ላይ ሲያገኙ በኅዳጉ ላይ «ምን ያህል?» ብለው የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ይህን ልማድ ጥቂት ብናሰፋው የሚከተሉትን እናገኛለን።

ምኑ? መጠኑ 3 የሆነ ወይስ 6 የሆነ መንቀጥቀጥ?

የት? በፈንታሌ፣ በአዲስ አበባ ወይስ በአጠቃላይ በስምጥ ሸለቆው?

በምን ያህል ጊዜ ውስጥ? በሰዓታት፣ በሳምንት ወይስ በ50 ዓመት?

ምን ያህል? ከመቶ ስንት?

ከምን ተነሥቶ? ከመሣሪያ ምዝገባ፣ ከታሪክ ወይስ ከአንድ ሰው ስሜት?

«ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትልቁ ይመጣል» የሚል መልእክት በስልካችን ቢደርሰን አራተኛውንና አምስተኛውን ጥያቄ መመለስ አይችልም። በዚህም ወሬ መሆኑን እንለያለን። በአንጻሩ «አደጋ ፈጽሞ የለም» የሚለውም በዚሁ ፈተና ይወድቃል። ትክክለኛው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ይልቅ የቀዘቀዘና የረዘመ ነው፤ ለማስታወስም ያስቸግራል።

7. ለአንባብያን የቀረቡ መልመጃዎች

ሀ) በእንግሊዝኛ «ዘ ሪቨር ኢዝ ፕሮባብል ቱ ፍለድ» ተብሎ ቢጻፍ ምን ይስተካከላል?

ለ) በአማካይ በ20 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ጎርፍ አለ። በወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ 10 ዓመት የሚኖር ሰው ጎርፉ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚደርስበት ዕድል ስንት ነው? በየትኛው ቃል ይገለጻል?

መልስ፦ ሀ) «ፕሮባብል» በ«ላይክሊ» ይተካል። ለ) በየዓመቱ አለመድረሱ 0.95 ነው። በራሱ 10 ጊዜ ሲባዛ 0.60 ገደማ ስለሚሆን ዕድሉ 40 በመቶ ያህል ነው፤ የመሆኑና ያለመሆኑ ዕድል ተቀራራቢ ነው ይባላል።

በአጠቃላይ «ላይክሊ» የማያውቅ ሰው የሚሸሸግበት ቃል አይደለም። የሚያውቅ ሰው የዕውቀቱን ድንበር የሚያሳይበት ቃል ነው። ትምህርታችሁን በእንግሊዝኛ የምትከታተሉ፣ በቤታችሁ ግን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የምታስረዱ ተማሪዎች በሁለቱ መካከል ያላችሁ ድልድይ እናንተ ናችሁ። ወላጆቻችሁ «ምን ተባለ?» ብለው ሲጠይቁ «ይመጣል» ወይም «አይመጣም» ከማለት «በዚህ ሳምንት የመምጣት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ቤታችንን ግን ይመጣል ብለን እንሥራ» ብላችሁ ብትመልሱ ከመግለጫው ላይ ምንም አላጎደላችሁም። ንዝረት ሲሰማም ዝቅ ማለት፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መከለልና እግሩን አጥብቆ መያዝ እንደሚገባ ዛሬውኑ ለታናናሾቻችሁ አሳዩአቸው።